መብራትና ኮረንቲ፦ የልጅነት ቴሌቪዥን ትዝታ እና የቤት ውስጥ ጥገና ቋንቋ ከኪሰንዪ ሲታይ

1. መነሻ

ስለ ልጅነት ቴሌቪዥን የሚጻፉ የአማርኛ የትዝታ ጽሑፎች አንድ የታወቀ ቅርጽ አላቸው። በሰፈሩ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ይነሣል፤ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ወለሉ ላይ የሚደረደሩ የጎረቤት ልጆች ይመጣሉ፤ በጥልፍ ጨርቅ የተሸፈነው፣ አንዳንዴም ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው መሣሪያ ይገለጣል፤ ከዚያም የአባባ ተስፋዬ ድምፅ ይሰማል። በመካከሉ መሣሪያው ይበላሻል። አባት ጣሪያ ላይ ይወጣል ወይም የመሣሪያውን ጀርባ ይፈታል፤ ቤተሰቡ ይሥቃል፤ ምስሉ ይመለሳል፤ ትረካውም ወደ ፕሮግራሙ ይመለሳል። ጥገናው በትዝታው ውስጥ የሚይዘው ቦታ የማስታወቂያ ዕረፍትን ያህል ነው።

ይህ ጽሑፍ ያንን ቅርጽ በቋንቋ በኩል ይተቻል። መከራከሪያው አንድ ነው፦ የትዝታ ጽሑፍ ዓይን ያየውን በዝርዝር ሲያቆይ እጅ የሠራውን ይጥላል። ከሚጥለው ጋርም የቃላት ሀብት፣ የሰዋስው ልዩነትና የሰዎች ድርሻ አብረው ይወድቃሉ። የሚገርመው፣ የወደቀውን ለማንሣት የሚያስፈልገው መረጃ በራሱ በአማርኛ ግሦችና ስሞች ውስጥ ተቀምጦ መገኘቱ ነው። መረጃው ጎልቶ የሚታየው ግን አማርኛ ከሌሎች የአካባቢው ቋንቋዎች ጋር ሲተያይ ስለሆነ፣ ንጽጽሩ ቋንቋዎቹ በአንድ ገበያ ከሚገናኙበት፣ በካምፓላ ከተማ ከሚገኘው የኪሰንዪ ሰፈር ይነሣል።

ኪሰንዪ ከኦዊኖ ገበያ አጠገብ፣ በብረት ሥራቸው ከታወቁት ከካትዌ ባለእጆች ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ የመሐል ከተማ ሰፈር ነው። የእህል ወፍጮ፣ የብረት ብየዳ፣ የውራጅ ብረት ንግድ፣ የአውቶቡስ መናኸሪያ በአንድነት ይታዩበታል። ሶማልያውያን በብዛት ስለሚኖሩበት የሶማሌ ሰፈር ተብሎም ይታወቃል። ሉጋንዳ የዕለት ተዕለት መግባቢያ ነው፤ ስዋሂሊ የመንገደኛና የነጋዴ ቋንቋ ነው፤ ሶማልኛ የሱቅና የቤት ቋንቋ ነው። በካምፓላ የሚኖሩ አማርኛና ትግርኛ ተናጋሪዎች ካባላጋላን በመሳሰሉ ሌሎች ሰፈሮች በርከት ብለው ቢታዩም፣ ገበያው ወደ ኪሰንዪ ያመጣቸዋል። የተበላሸ ዕቃ ይዞ የሚመጣ ሰው ብልሽቱን ለማስረዳት የትኛውን ቃል ከየትኛው ቋንቋ እንደሚያነሣ እዚህ ላይ ይፈተናል።

2. የአንድ ነገር አራት ስሞች

ኤሌክትሪክ በእነዚህ ቋንቋዎች ውስጥ ያገኛቸው ስሞች ጉዳዩን ከሥሩ ያሳያሉ። በዕለት ተዕለት አማርኛ የኤሌክትሪክ ስም «መብራት» ነው። «መብራት ሄደ»፣ «መብራት መጣ»፣ «የመብራት ቆጣሪ»፣ «የመብራት ሒሳብ» ይባላል። ምጣዱም ቴሌቪዥኑም የሚሠራው በ«መብራት» ነው። ስያሜው ነገሩን የሚጠራው ለዓይን በሚሰጠው አገልግሎት ነው። ኃይሉ ለሌላ ተግባር በሚውልበት ጊዜም እንኳ ስሙ ብርሃን ሆኖ ይቀራል።

ሉጋንዳ በተቃራኒው ይሄዳል። ኤሌክትሪክ በሉጋንዳ «አማሳኛላዜ» ነው። ቃሉ «ኦኩሳኛላላ» ከሚለው ግሥ ጋር ይዛመዳል፤ ትርጉሙም መደንዘዝ፣ ሽባ መሆን ነው። ስለዚህ ሉጋንዳ ኤሌክትሪክን የሚጠራው የነካውን እጅ በሚያደርገው ነገር ነው። የስሙ መደብም ትኩረት ይሻል። «አማ» በሚለው ቅድመ ቅጥያ ከሚጀምሩት ስሞች መካከል «አማዚ» (ውሃ)፣ «አማታ» (ወተት) እና «አማፉታ» (ዘይት) ይገኛሉ። ኤሌክትሪክ ከፈሳሾች ጋር ተመድቧል፤ ግሡም «ጋ» በሚለው ስምምነት ይከተለዋል። «አማሳኛላዜ ጋቩዴኮ» ሲባል «መብራት ጠፋ» እንደ ማለት ነው። የአማርኛው ተናጋሪ ብርሃን ሲሄድበት፣ የሉጋንዳው ተናጋሪ የሚያደነዝዝ ፈሳሽ ይነጥፍበታል።

ስዋሂሊ «ኡሜሜ» ይላል፤ ቃሉ መብረቅንም ኤሌክትሪክንም ይይዛል። በዩጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2025 ኤሌክትሪክ ያከፋፍል የነበረው ድርጅት ስሙ ይኸው ቃል ስለነበረ፣ ለሃያ ዓመታት ያህል የካምፓላ ነዋሪ ሒሳቡን የሚከፍለው ለ«መብረቅ» ነበር። ሶማልኛ ደግሞ «ኮሮንቶ» የሚል ቃል አለው፤ ከጣልያንኛ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ ሁለተኛ ስሙን ያወጣል። «ኮረንቲ» የሶማልኛው «ኮሮንቶ» ወንድም ነው፤ ሁለቱም የተወለዱት ከአንድ የጣልያንኛ ቃል ነው። አማርኛ ግን ሁለቱን ስሞቹን በሥራ ከፋፍሏቸዋል። «መብራት» ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይጠፋል፣ ይበራል። «ኮረንቲ» ግን ይይዛል፣ ይመታል፣ ይወረውራል። «ኮረንቲ ያዘው» የሚለው አገላለጽ «ጉንፋን ያዘው» ከሚለው ጋር አንድ አወቃቀር አለው፦ ሰውየው ተሳቢ ነው፤ ያዡ ከውጭ የመጣ ኃይል ነው። ሉጋንዳም ኤሌክትሪክ ሰውን «መታ» ለማለት «ኦኩኩባ» በሚለው የመምታት ግሥ ይጠቀማል። በዓይን በኩል የተለያዩት ሁለቱ ቋንቋዎች በእጅ በኩል ሲደርሱ ይገናኛሉ።

ከዚህ የሚከተለው ለትችቱ መሠረት ነው። አማርኛ ኤሌክትሪክን ለሚያየው ሰው አንድ ስም፣ ለሚነካው ሰው ሌላ ስም አዘጋጅቷል። የትዝታ ጽሑፎች በመጀመሪያው ስም ይሞላሉ። መብራት የጠፋበት ምሽት፣ መብራት ሲመጣ የሰፈሩ ልጆች በአንድ ድምፅ የሚያሰሙት ጩኸት፣ የሻማው ጥላ በሰፊው ይተረካሉ። ሁለተኛው ስም ብቅ የሚለው ከሥቅ ጋር ነው፤ አባት «ኮረንቲ ይዞት» ሲፈናጠር ለአንድ ዓረፍተ ነገር ይታያል፤ ከዚያ ይረሳል።

3. መስኮትና ሣጥን

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው። የዩጋንዳ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1963 ጀምሮ ነበር። ሁለቱም ለረጅም ጊዜ በየአገራቸው ብቸኛ ጣቢያ ሆነው ስለቆዩ ለአንድ ትውልድ አንድ የጋራ ትዝታ ሰጥተዋል። በኢትዮጵያ ይህንን የጋራ ትዝታ የሚወክለው ተስፋዬ ሣህሉ ነው። በልጆች ፕሮግራሙ ከአርባ ዓመት በላይ ተረት የነገረው ይህ ሰው ልጆችን የዛሬ አበባ፣ የነገ ፍሬ እያለ ይጠራቸው እንደነበር የማያውቅ የዚያ ዘመን ልጅ የለም። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፍ በየቦታው የተጻፈው የሐዘን መግለጫ የትዝታውን ቅርጽ በግልጽ አሳይቷል፦ ስለ ሰውየው የተጻፈው ሁሉ ስለ ሰዎች ልጅነትም የተጻፈ ነበር።

አማርኛ ለዚህ ትዝታ የሰጠው ምሳሌያዊ ስም «መስኮት» ነው። ሰው «በቴሌቪዥን መስኮት ብቅ ይላል»፣ ፕሮግራም «በቴሌቪዥን መስኮት ይቀርባል»። ምሳሌው ውብ ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይሠውራል። መስኮት ጀርባ የለውም። በመስኮት የሚመለከት ሰው ከመስታወቱ ወዲያ ያለውን ዓለም እንጂ መስታወቱን አያይም። ቴሌቪዥን ግን፣ በተለይ የዚያ ዘመን ቴሌቪዥን፣ ከባድ ሣጥን ነበር፤ ከጀርባው ሽቦ፣ ብየዳ፣ ጥቅልልና አቧራ ነበረበት። የፊቱ የመስኮት ከሆነ የኋላው የሣጥን ነው። የጥገና ቋንቋ የሚጀምረው ሣጥኑ ሲዞር ነው።

በዚያ ሣጥን ውስጥ የነበረውን ነገር ማወቅ ለቋንቋ ትንታኔም ይጠቅማል፤ የትዝታ ጽሑፎች እንደ ተአምር የሚያወሩት ነገር ምክንያት አለውና። በጥፊ ሲመታ «የሚስተካከለው» ቴሌቪዥን የዚህ ዋና ምሳሌ ነው። መሣሪያው ሲሞቅና ሲበርድ ብየዳው በጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል። ምቱ የተላቀቀውን መገጣጠሚያ ለጊዜው ያነካካዋል፤ ምስሉ ይመለሳል፤ ሲሞቅ ደግሞ ይጠፋል። ምስሉ ወደ አንዲት ብሩህ አግድም መስመር ሲሰበሰብ ደግሞ ልጁ «ቴሌቪዥኑ ሞተ» ይላል፤ ጠጋኙ ግን ምስሉን ከላይ ወደ ታች የሚዘረጋው ክፍል መቆሙን ያነባል። ባለቀለሙ መሣሪያ በውስጡ ከ20,000 ቮልት በላይ ይፈጥር ነበር፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ኃይሉ በመስታወቱ ቱቦ ላይ ሊቆይ ይችላል። «ኮረንቲ» የሚለው ቃል የሚኖረው በዚህ ሣጥን ውስጥ ነው።

4. ከጣሪያው ላይ የሚሰማው ንግግር

ጥገናው ወደ ትዝታው የሚገባበት ዋናው በር አንቴና ነው። አባት ጣሪያ ላይ ሆኖ ዘንጉን ያዞራል፤ ልጅ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ ውጤቱን ይናገራል፤ ሌላ ልጅ በር ላይ ቆሞ ቃሉን ያስተላልፋል። ትዕይንቱ የሚተረከው ለሣቅ ነው። ሆኖም በውስጡ ያለው ንግግር በጥሞና ሲታይ ሌላ ነገር ይገኝበታል።

አንደኛ፣ ንግግሩ ከሞላ ጎደል በሁለት ግሦች ይካሄዳል፦ «መጣ» እና «ሄደ»። መብራትን የሚገዙት ግሦች ምስልንም ድምፅንም ይገዛሉ። «ምስሉ መጣ፣ ድምፁ ሄደ» ሲባል ሁለት ተጓዦች የተለያየ መንገድ እንደያዙ ያህል ነው። «መጣ፣ መጣ፣ መጣ» የሚለው ድግግሞሽ ደግሞ ገና ያልተፈጸመውን መቃረብ በኃላፊ ጊዜ ይገልጻል። ይህ አጠቃቀም ሊወጣ የተነሣ ሰው «ሄድኩ» ከሚለው አጠቃቀም ጋር አብሮ መጠናት ያለበት ነው።

ሁለተኛ፣ ልጅ አባቱን ያዛል። በብዙ ቤተሰብ ውስጥ አባት «አንቱ» ይባላል፤ «አንተ» በሚባልበት ቤትም ቢሆን ትእዛዝ ከታች ወደ ላይ አይሄድም። የጣሪያው ንግግር ግን ከታች ወደ ላይ ካልሄደ ሥራው አይሠራም። መፍትሔው ሰዋስዋዊ ነው፦ ግሡ ይቀራል። «ትንሽ ወደ ግራ»፣ «ጥቂት ወደ ላይ»፣ «በቃ»፣ «አለፈ» ይባላል። ትእዛዙን የሚሸከመው ግሥ ስለሌለ ልጁ «አዙር» እና «ያዙሩ» ከሚሉት አንዱን ከመምረጥ ይድናል። አክብሮቱ የተጠበቀው በዝምታ ነው። ይህ በአማርኛ የአክብሮት ሥርዓት ውስጥ ሥራ እንዴት ለራሱ መንገድ እንደሚከፍት የሚያሳይ ንጹሕ ምሳሌ ነው፤ በትዝታ ጽሑፎች ግን ንግግሩ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ በሙሉ ዓረፍተ ነገር «ይስተካከላል»። ጸሐፊው ለልጁ ግሥ ሲጨምርለት የነበረውን ትክክለኛ ቋንቋ ያጠፋል።

ሦስተኛ፣ ይህ ንግግር ዳግም አይሰማም። በዓለም አቀፍ ስምምነት ለአፍሪካና ለአውሮፓ የተወሰነው የአናሎግ ስርጭት ማብቂያ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2015 ነበር። በዲጂታል ስርጭት ምስል ወይ አለ፣ ወይ ተቆራርጦ ይቆማል፤ ቀስ በቀስ «የሚመጣ» ምስል የለም። «ትንሽ ወደ ግራ» የሚለው አነጋገር ይኖርበት የነበረው መካከለኛ ሥፍራ ጠፍቷል።

5. ነካካ፣ ፈታታ፣ ጠጋገነ

አማርኛ የቤትን ጥገና ከባለሞያ ጥገና የሚለየው በግሥ ቅርጽ ነው። ባለሞያው ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ይቀይራል፣ ይጠግናል። አባት ግን ይፈታታል፣ ይገጣጥማል፣ ይነካካል፣ ይጠጋግናል። የሥር ተነባቢውን ደግሞ «ኣ» አናባቢን የሚያስገባው ይህ ድግም ግንድ የድርጊትን መደጋገም፣ በብዙ ቦታ መከፋፈል፣ አንዳንዴም ጥራት መጓደልን ያሳያል። «ጠገነው» ያለ ሰው ሥራው መጠናቀቁን ይመሰክራል። «ጠጋገነው» ያለ ሰው ለዛሬ መዋሉን ይናገራል፤ ስለ ነገ ዋስ አይሆንም።

ሉጋንዳም በተመሳሳይ መንገድ ይጠቀማል። «ኦኩኮላ» መሥራት፣ ማድረግ ነው፤ ሲደገም «ኦኩኮላኮላ» ሆኖ ነገሩን እንደ ነገሩ መሥራትን፣ እዚህም እዚያም መነካካትን ሊገልጽ ይችላል። ሁለቱ ቋንቋዎች በዝምድና የራቁ ናቸው፤ የድግግሞሹም ስልት የተለያየ ነው፤ አንዱ የሥር ተነባቢን፣ ሌላው ግንዱን በሙሉ ይደግማል። ሥራውን የሚመዝኑበት ሚዛን ግን ይቀራረባል። ለሙሉ ጥገና ሉጋንዳ ሌሎች ቃላት አሉት፦ «ኦኩዳቢሪዛ» ነባር ሲሆን፣ «ኦኩካኒካ» ደግሞ «ማካኒካ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ውሰት የተቀረጸ ግሥ ነው። ከባለሞያው ስም ግሥ ማውጣቱ ራሱ ሥራው በባለሞያው በኩል እንደሚታሰብ ያመለክታል።

የአማርኛው «ጠገነ» የትርጉም ስፋቱ ሌላ ነገር ይጨምራል። የተሰበረ አጥንት ይጠገናል፤ ያረጀ ጣሪያም፣ የቆመ ሬዲዮም ይጠገናል። ወጌሻና ሬዲዮ ሠሪ በአንድ ግሥ ይገናኛሉ። «ቀጣጠለ» የሚለው ግሥ ደግሞ ከአደጋው ጋር ጎረቤት ነው፦ የተበጣጠሰ ሽቦ የሚያያይዝ ሰው ሽቦውን «ይቀጣጥላል»፤ ሽቦው በደንብ ካልተያያዘ ደግሞ «ይቀጣጠላል»፣ ማለትም እሳት ይነሣበታል። በጽሕፈት የሁለቱ ልዩነት አንዲት «ጠ» ብቻ ናት።

ይህ ቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። በትዝታ ጽሑፎች «ብልሃት» ተብሎ ከሚወደሰው የቤት ጥገና ውስጥ በተቃጠለ ፊውዝ ፋንታ የመዳብ ሽቦ ማሰር አንዱ ነው። ፊውዝ ሊቀልጥ የተሠራ ነገር ነው፤ በመቅለጡ ቤቱን ያድናል። ወፍራም ሽቦ አይቀልጥም፤ ሌላው ይቀልጣል። ያለቀ የባትሪ ድንጋይን ፀሐይ ላይ ማስጣትም ሌላው ብልሃት ነው፤ ሙቀቱ የቀረውን ኃይል ለጥቂት ጊዜ ያነሣሣዋል፤ ዜናው እስኪያልቅ ሬዲዮው ይናገራል። የመጀመሪያው ገዳይ፣ ሁለተኛው ከሞላ ጎደል ጉዳት የሌለው ነው። ትዝታው ሁለቱን በአንድ ፍቅር ያቅፋቸዋል። ከድግም ግሥ ጋር የሚመጣውን ማስጠንቀቂያ የሚሰማ አንባቢ ግን ይለያቸዋል፤ «ጠጋገነው» የሚለው ቃል ራሱ ተጠንቀቅ ይላል።

የመሣሪያ ሣጥኑም የራሱ ታሪክ አለው። በእጅ የሚያዙት «ካቻቢቴ»፣ «ፒንሳ»፣ እንዲሁም የሚያጠብቁት «ብሎን» ከጣልያንኛ ናቸው። «አምፑል» ከፈረንሳይኛ ነው። «ፊውዝ»፣ «ሶኬት»፣ «ትራንዚስተር»፣ «ስታቢላይዘር» ከእንግሊዝኛ ናቸው። እጅ የጨበጠው ነገር ቀደም ብሎ በገባው የውሰት ድርብ ውስጥ፣ የሣጥኑ ውስጥ ዕቃ ደግሞ በኋለኛው ድርብ ውስጥ ይገኛል። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የተሰናዳው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ነው፤ ከቃል ወደ ቃል ይሄዳል። ካቻቢቴ ግን ወደ አማርኛ የገባው ከእጅ ወደ እጅ ነው። የስያሜ ሥራ ከላይ ሲወርድ የጥገና ቋንቋ ከታች ወጥቶ ቀድሞ ቦታውን ይዞ ቆይቶታል።

6. ማን ሠራው?

«ሠራ» የሚለው ግሥ በአማርኛ ብዙ ሸክም አለበት። ሰው ቤት ይሠራል፤ ሰው ይሠራል፤ መሣሪያም ይሠራል። በሚከተሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ግሡ አንድ ነው፤ የአንዱ ባለቤት ሰው፣ የሌላው ባለቤት ዕቃ ነው።

(ሀ) አባቴ ቴሌቪዥኑን ሠራው።
(ለ) ቴሌቪዥኑ ሠራ።

በመካከላቸው ግን ሦስተኛ ሰው አለ፤ እርሱን የሚያስገባው «ኣ» የሚለው የአስደራጊ ቅጥያ ነው።

(ሐ) አባቴ ቴሌቪዥኑን አሠራው።

በ(ሐ) ውስጥ ሥራውን የፈጸመው ሰው በስም ባይጠራም መኖሩ ታውቋል። ወደ (ሀ) ሲመለሱ ይጠፋል። ይህ መንሸራተት የተለመደ ነው። ልብስ በልብስ ሰፊ የተሰፋለት ሰው «አሰፋሁ» ይላል፤ ልብስ ሰፊው በቅጥያው ውስጥ አለ። ቤት በግንበኛ የተሠራለት ሰው ግን «ቤት ሠራሁ» ይላል፤ ግንበኛው የለም። ባለቤትነቱ ትልቅ ሲሆን ቅጥያው ይወድቃል። በትዝታ ጽሑፍ ውስጥ ቴሌቪዥን ወደ ቤት ተርታ ከፍ ይላል፤ የሰፈሩ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሠሪም ከግንበኛው ጋር አብሮ ይጠፋል። «ቴሌቪዥኑ ተሠርቶ መጣ» የሚለው አባባል ደግሞ የመጨረሻው ደረጃ ነው፦ ዕቃው በራሱ እግር ሄዶ፣ ድኖ፣ የተመለሰ ይመስላል።

ከዚህ ጋር ሲወዳደር የሉጋንዳው አስደራጊ ሌላ መንገድ ይዟል። ከ«ኦኩኮላ» የሚወጣው «ኦኩኮዜሳ» ዋና ትርጉሙ መጠቀም ነው፤ ዕቃን ማሠራት ዕቃን መጠቀም ሆኗል። አማርኛ በቅጥያው ውስጥ ባለሞያን ሲደብቅ ሉጋንዳ በተመሳሳዩ የአስደራጊ መንገድ ተጠቃሚን ያወጣል። ባለሞያው በሉጋንዳ የሚታወቀው «ፉንዲ» በሚለው የስዋሂሊ ውሰት ነው።

የእናት ድርሻም በቃል ምርጫ ተሠውሯል። የተበጠሰውን የምድጃ ጥቅልል ሽቦ አቀዝቅዛ፣ ጫፍና ጫፉን ጠምዝዛ እንደገና የምታያይዝ እናት በብዙ ቤት ነበረች። ሥራው የኤሌክትሪክ ጥገና ነው፤ አደጋውም ያው ነው። ሲተረክ ግን «ምድጃውን ቀጠለችው» ተብሎ ከወጥ ቤቱ ሥራ ጋር ይቆጠራል፤ «ጥገና» የሚለው ስም የሚቆየው ሳሎን ውስጥ ላለው መሣሪያና እርሱን ለሚፈታታው አባት ነው።

ትዝታ ራሱ በሰዋስው ከኃላፊነት የራቀ መሆኑ እዚህ ላይ መታየት አለበት። አማርኛ ተናጋሪ «ትዝ ይለኛል» ሲል አስታዋሹ ተሳቢ ነው፤ ትዝታው ይመጣበታል እንጂ እርሱ አያመጣውም። የሉጋንዳው «ንጁኪራ» ግን አስታዋሹን ባለቤት ያደርገዋል፤ የሚያስታውሰው እርሱ ነው። በእርግጥ አማርኛም «አስታውሳለሁ» የሚል ባለቤት ያለው ግሥ አለው። የትዝታ ጽሑፎች ግን የመጀመሪያውን ይመርጣሉ፤ ምርጫቸውም ለዘውጉ ተስማሚ ነው። የመጣውን የሚቀበል ጸሐፊ ያልመጣውን አይጠይቅም። ጠጋኙ ትዝ ካላለው ጠጋኙ አልነበረም ማለት ነው።

7. መቃወሚያና መልስ

ትዝታ ሥነ ጽሑፍ እንጂ የዕቃ ዝርዝር አይደለም፣ ጸሐፊው የብየዳን ስም የመጥቀስ ግዴታ የለበትም የሚል መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። መቃወሚያው ክብደት አለው። ከልጅ ዓይን የተጻፈ ጽሑፍ ልጁ የማያውቀውን ቃል ሊይዝ አይገባውም። ነገር ግን ልጁ ቃሉን ያውቅ ነበር። ካቻቢቴውን ያቀበለው፣ የእጅ ባትሪውን ያበራው፣ ብሎኖቹን በሳህን ላይ በቅደም ተከተል ያስቀመጠው እርሱ ነው። «ፒንሳ አምጣ» ሲባል ምን እንደሚያመጣ ያውቅ ነበር። ቃሉን የረሳው ያደገው ጸሐፊ ነው፤ ልጁን ተመልካች ብቻ ያደረገውም እርሱ ነው። ስለዚህ ትችቱ ለዘውጉ የውጭ ሕግ አያመጣም፤ ዘውጉ ለራሱ ቃል፣ ለልጅነት እውነት፣ እንዲታመን ይጠይቃል።

8. ኪሰንዪ የሚያሳየው

የካምፓላ የልጅነት ትዝታ ሌላ ቅርጽ አለው። ቴሌቪዥን በቤቱ ያልነበረው ልጅ የሚያስታውሰው «ኪባንዳ» የሚባለውን ቪዲዮ ቤት ነው፤ አዲስ አበባም የራሷ ቪዲዮ ቤቶች ነበሯት። በካምፓላው ቪዲዮ ቤት ግን ፊልሙን በሉጋንዳ እየተረጎመ፣ እያዋዛ፣ ለገጸ ባሕርያቱ የሰፈር ስም እየሰጠ የሚተርክ ሰው አለ፤ ቪጄ ይባላል። በቪጄው የትርጉም ጥበብ ላይ ምሁራን ጽፈዋል፤ ይገባዋልም። በዚያው ክፍል ውስጥ ጄኔሬተሩን፣ ማጫወቻውንና ድምፅ ማጉያውን በሥራ ላይ ያቆየው ፉንዲ ግን በካምፓላም እንደ አዲስ አበባው ጠጋኝ ከትዝታው ውጭ ይቀራል። ሁለቱም ተርጓሚዎች ናቸው፦ አንዱ የባዕድ ፊልምን ለሰፈሩ፣ ሌላው የባዕድ መሣሪያን ለሰፈሩ ኤሌክትሪክ።

የጥገና ቋንቋ ግን ድንበር የሚሻገር ነው። አማርኛ ተናጋሪ በኪሰንዪ ዕቃ ሲያሠራ «መስኮት» የሚለው ምሳሌ አይረዳውም፤ የአባባ ተስፋዬም ስም ለፉንዲው ምንም አይነግረውም። «ኮረንቲ» ግን ለሶማልኛ ተናጋሪው ጎረቤቱ ወዲያው ይገባዋል፤ ለትግርኛ ተናጋሪውም እንዲሁ። «ፊውዝ» ለሁሉም ይገባል። የዓይኑ ቃላት ከአገሩ ጋር ታስረው ሲቀሩ የእጁ ቃላት አብረውት ተሰደዋል። ሰዎች ከአገር ሲወጡ የሚይዙትን የቋንቋ ስንቅ ለሚያጠና ይህ ችላ የሚባል ነገር አይደለም።

አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። በካምፓላ የሚያድግ የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ከወላጆቹ የሚወርሰው ትዝታውን ነው፤ አይቶት የማያውቀውን ፕሮግራም ስም ያውቃል፤ ያልሰማውን ሰላምታ ይደግማል። የእጁን ቃላት ግን አይወርስም፤ ምክንያቱም ማንም አይተርክለትም፤ በቤቱ ያለው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥንም የሚፈታታ ጀርባ የለውም። «ጠጋገነ» በ«ጠገነ» ውስጥ፣ «አሠራ» በ«ሠራ» ውስጥ ሲሟሟ፣ የሚጠፋው ሰዋስዋዊ ልዩነቱ ብቻ አይሆንም፤ ለሙሉ ሥራና ለግማሽ ሥራ፣ ለሠራና ላሠራ ሰው የተለየ ሚዛን የሚሰጠው ፍርድ አብሮ ይጠፋል።

9. ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው ሦስት የሥራ ሐሳቦች ይከተላሉ። የመጀመሪያው፣ በአካባቢው ቋንቋዎች የጥገና ቃላት ላይ የሚደረግ ስብሰባ ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከሥራ ጠረጴዛ መጀመር አለበት፤ የቱቦ ቴሌቪዥን የሚያውቁት ሠሪዎች በዕድሜ እየገፉ ነው። ሁለተኛው፣ ድግም ግንድ በአማርኛና በሉጋንዳ ከሥራ ጥራት ምዘና ጋር ያለው ግንኙነት በተፈጥሯዊ ንግግር ላይ ተመሥርቶ መጠናት ይገባዋል፤ ኪሰንዪን የመሰለ ገበያ ሁለቱን ጎን ለጎን ለመስማት የተመቸ ነው። ሦስተኛው የትዝታ ጽሑፎችን እንደ ቋንቋ መረጃ የሚጠቀሙ ተመራማሪዎችን ይመለከታል፦ ጽሑፎቹ የዘመኑን ንግግር እንዳለ እንደማያቆዩት፣ ግሥ እንደሚጨምሩ፣ አስደራጊ ቅጥያ እንደሚጥሉ፣ «ኮረንቲ»ን በ«መብራት» እንደሚተኩ አውቀው ማንበብ አለባቸው።

ለትዝታ ጸሐፊዎችም የሚቀር ጥያቄ አለ። «ያኔ ምን እናይ ነበር?» ለሚለው መልስ በቂ ተጽፏል። «ሲበላሽ ማን፣ በምን፣ እንዴት ሠራው?» ለሚለው መልስ የሚያውቁት ሰዎች ገና በሕይወት አሉ፤ ካቻቢቴውም በብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።